የጉልላት ሞተር

"ሚስትህ አሁን በባጃጅ ወረደች" አለ ደበሌ፣ ዓይኑ ላይ የሰካትን የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር ሳያወልቅ።

ታምሩ ከአንድ ፍሪጅ ኋላ በሆዱ ተኝቶ፣ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ቱቦ ይዳብስ ነበር። ባትሪውን ከአፉ አወጣ።

"ወዴት?"

"ቁልቁል ነዋ። ወደ አሞራ ገደል።"

"ዓሣ ልትገዛ ይሆናል።"

"በዚህ ሳምንት ሦስተኛዋ ነው። በሄደች ቁጥር ዓሣ ብትገዛ ኖሮ ቤታችሁ ሐይቅ ይሆን ነበር።"

ደበሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራው ግን ትንሽ ነገር አጉልቶ ማየት ስለሆነ፣ መነጽሩን ካወለቀ በኋላም ዓይኑ ልማዱን አይተውም። መሃል ከተማ ላይ እሱ ሰዓት፣ ታምሩ ፍሪጅ እየጠገኑ አንድ በረንዳ ለሁለት ተካፍለው አሥራ ሰባት ዓመት ኖረዋል። በበረንዳው ፊት ያለፈ ሰው ሁሉ ደበሌ ዘንድ ሳይመዘገብ አላለፈም።

ታምሩ ሲነሣ ግራ ጎኑን ያዝ አደረገ። ጠጠሯ ናት።

ከሁለት ወር በፊት ሽንቱ ቀልቶበት ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ሐኪሙ ሆዱን ቅባት ቀብቶ፣ በመሣሪያው እያሸ፣ ስክሪኑን ብዙ ሲያይ ቆየና "እርስዎ ልብስዎን ይልበሱና ውጪ ይጠብቁ፤ ባለቤትዎ ይግቡ" አለው። ፅጌ ገብታ ሩብ ሰዓት ቆየች። ስትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ "ጠጠር ናት" አለችው። ጠጠሯ የተቀመጠችበት ቦታ በደንብ እንዲታይ ብላ ደግሞ አዲስ አበባ ወስዳ በትልቁ ማሽን አስነሣችው። ከዚያ ወዲህ ታምሩ ጠጠሯን በውሃ ሊያባርራት ቆርጦ ተነሥቷል። በቀን አምስት ሊትር ይጠጣል፤ ከደንበኛ ጋር ዋጋ እየተከራከረም ይጠጣል።

"ውሃህን ጠጣ" አለው ደበሌ። "ንዴት ጠጠር ያሳብጣል ይባላል።"

"ማን ተናደደ?"

"እኔ ምን አውቄ። ያየሁትን ነገርኩህ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር የሚያውቀውን አንተ ብቻ ሳትሰማ እንዳትቀር ብዬ ነው።"

ታምሩ ውሃውን ተጎነጨ። ዓይኑ ሱቁ ጥግ ላይ በተቀመጠው ሞተር ላይ አረፈ።

ሞተሩ የጉልላት ነው። ጉልላት አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ከአስጋሪዎች እየተረከበ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ሲሆን፣ ከመጋዘኑ ኋላ ዓሣ የሚያቆይባት ቀዝቃዛ ክፍል አለችው። ክፍሏን ከስምንት ዓመት በፊት የገጣጠመለት ታምሩ ራሱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ማቀዝቀዝ እንቢ ብትል ጉልላት ሞተሯን በጋሪ ጭኖ ላከለት። ታምሩ ሕመሟን ያገኘው በመጣችበት ቀን ነው፦ ቱቦዋ መገጣጠሚያው ላይ እንደ ፀጉር ተሰንጥቃ ጋዟን አፍስሳለች። ብየዳዋና ጋዝ መሙላቷ ተደምሮ የአንድ ሰዓት ሥራ ናት። ለጉልላት ግን "ዕቃ ከአዲስ አበባ እየጠበቅኩ ነው" ብሎ ላከበት። ጉልላት በጠየቀ ቁጥር ታምሩ አንድ የጎደለ ዕቃ ይጨምራል። እስከዛሬ "ያዘዛቸው" ዕቃዎች ቢሰበሰቡ ሌላ ሞተር ይወጣቸዋል።

ታምሩ በጉልላት የሚቀናበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱ አሮጌ፣ አንዱ ትኩስ።

አሮጌው የ1983 ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ፅጌን ለመጠየቅ የሁለት ሰዎች ሽማግሌዎች ተነሥተው ነበር። የታምሩ ሽማግሌዎች ከዚያው ከሀዋሳ፣ ከታቦር ሰፈር በእግራቸው መጡ። የጉልላት ሽማግሌዎች የሚመጡት ከቡታጅራ ነበርና፣ መንግሥት ተለውጦ መንገድ ስለተዘጋባቸው ሻሸመኔ ሳይደርሱ ስምንት ቀን ተቀመጡ። ሲደርሱ የፅጌ አባት "ልጅቷ ተሰጥታለች" አሏቸው። ታምሩ ኢሕአዴግን በልቡ የሚያመሰግንበት ነገር ቢኖር ይሄ አንድ ጉዳይ ነው። ግን ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አጠገቡ የተኛችውን ሚስቱን እያየ "መንገዱ ባይዘጋስ ኖሮ?" ሲል ኖሯል። ጠይቋት አያውቅም። አንዳንድ ጥያቄ መልሱ ቢያምርም መጠየቁ ያሳፍራል። ከአራት ዓመት በፊት ጉልላት ሚስቱ ስትሞትበት ለቅሶ የደረሰው ታምሩ፣ ከአልቃሹ ሁሉ ይልቅ ከልቡ ያዘነው እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ትኩሱ ቅናት የበረዶ ነው።

ጉልላት ኩላሊቱ ላይ ካንሰር ወጥቶበት ባንኮክ ሄደ፤ ድኖ መጣ። ከአንድ ወር ተኩል በፊት የምስጋና ምሳ አድርጎ ግማሹን ሀዋሳ ጠራ። ታምሩም ፅጌም ነበሩ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ ጉልላት ወንበር ላይ ቆሞ ያስረዳል።

"አልቀደዱኝም! ልብህ ደካማ ነው፣ ቢላ አትችልም አሉና በመርፌ ገቡ። መርፌው እንዲህ ይረዝማል። ሐኪሞቹ ደግሞ እኔን አያዩም፤ ቴሌቪዥን ነው የሚያዩት። ኩላሊቴን በቴሌቪዥን እያዩ መርፌውን ወደ ዕጢው ይነዱታል፣ መኪና ጋራዥ እንደሚያስገባ ሰው ቀስ እያሉ። ሲደርስ ጋዝ ይለቁበታል። ጫፉ ላይ በረዶ ይጋገራል፣ የሎሚ ያህል! በረዶው ሲያድግ በቴሌቪዥኑ ይታያል። ዕጢውን ውጦ ድንጋይ ያደርገዋል። ከዚያ ያቀልጡታል፤ እንደገና በረዶ ያደርጉታል። አንዱን ብርድ ቢችል ሁለተኛውን አይችልም።"

"ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ሲወጣ ስለሚሰፋ ነው የሚበርደው" አለ ታምሩ ከወደ ኋላ። "ፍሪጅም የሚሠራው እንዲሁ ነው።"

አንዲት ሴትዮ ዞር ብለው አዩት። "አንተ ደግሞ፣ እስቲ ሰውየው ይናገርበት!"

በሀዋሳ ስለ በረዶ የሚጠየቅ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ታምሩ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከበረዶ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው፣ በረዶ ውስጥ አርባ ደቂቃ በተኛ የዓሣ ነጋዴ ተቀደመ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የፅጌ ነገር ነው። ሌላው ሰው ወደ ክትፎው ሲመለስ እሷ ግን ዓይኗን ከጉልላት ሳትነቅል "ስንት ቀን ተኝተው ወጡ? ሐኪሙ ስሙ ማነው?" እያለች ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ነገር በነገር ላይ ተደራረበ። ስልክ ሲደወልላት ጓሮ ወጥታ ታወራለች። ሃያ ሁለት ዓመት ከአንገቷ ያልወረደው የሠርጓ የወርቅ ሐብል ጠፋ፤ ሲጠይቃት "ተበጥሶብኝ ወርቅ ሠሪ ጋ ነው" አለች። ሐብል የሚበጠሰው በአንገት ዞሮ ሌላ እጅ ሲይዘው ነው ብሎ ታምሩ ለራሱ ደመደመ።

የዛሬው ጠዋት ደግሞ ነበር። ፅጌ ወደምትሠራበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ልትሄድ ጫማዋን እያጠለቀች "ከምሳ በኋላ የአንድ ለአምስት ስብሰባ አለብኝ፤ እቆይ ይሆናል" አለችው።

"ማክሰኞ ነበራችሁ አይደል?"

"አልጨረስንማ።"

"ምንድነው እንዲህ የማያልቀው?"

"ግምገማ ነዋ፣ ታምሩ። መች አልቆ ያውቃል?" አለችና ከበሩ ተመለሰች። "ጉርድ ፎቶ አራት ተነሣልኝ ብዬህ ነበር እኮ። የቀበሌ መታወቂያህን ላሳድስልህ።"

"ጊዜው መች አለፈበት?"

"ያለው ፎቶ አንተን አይመስልም።"

"ማንን ነው የምመስለው?"

ፅጌ ትክ ብላ አየችው። አስተያየቷ ሰው ሊሸጠው ያሰበውን በሬ የሚያይበት ዓይነት ነበር። ታምሩ ሲያስበው የዋለው ይሄን አስተያየት ነው።

"አንድ ለአምስት ስብሰባ አለኝ ነው ያለችኝ" አለ አሁን ለደበሌ።

"ይሆናላ" አለ ደበሌ ሰዓቷን ጆሮው ላይ አስጠግቶ እያዳመጠ። "እኔ የማየው ግን አንድ ለአንድ ነው።"

ታምሩ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ወጣ።

አሞራ ገደል ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ገበያው ሳሳ ብሏል። አስጋሪዎች መረባቸውን ይሰፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚሏቸው ግዙፍ አሞራዎች መላጣ ራሳቸውን እየነቀነቁ እንደ ጡረተኛ ዳኛ በየሰዉ መሃል ይንጎራደዳሉ። ታምሩ በፊት ለፊት አልሄደም። የጉልላትን መጋዘን ግቢ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋልና በጓሮ ዞረ። ከጉልላት ቢሮ ኋላ፣ የዓሣ አንጀት የሚጣልበት አጠገብ፣ የሞተሩ መቀመጫ ባዶውን ቆሟል። ከመቀመጫው በላይ ቆርቆሮው ላይ፣ ቱቦው በቢሮው አልፎ ወደ ቀዝቃዛዋ ክፍል የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ከስምንት ዓመት በፊት በራሱ መሰርሰሪያ የበሳው ታምሩ ነው። አሁን ሞተሩም ቱቦውም ስለሌሉ ቀዳዳው ክፍት ነው። ሞተሩን ሠርቶ ቢመልሰው ኖሮ ቀዳዳው ይደፈን፣ ጩኸቱም ወሬውን ሁሉ ይውጠው ነበር።

አጎንብሶ ዓይኑን አስጠጋ። ቀዳዳው የሻይ ብርጭቆ አፍ ቢያህል ነው። መጀመሪያ ያየው ራቁት ጀርባ ነበር። የጉልላት ጀርባ፤ ሸሚዙን እስከ ብብቱ ገልቦ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሏል። ሁለተኛ ያየው የሚስቱን እጅ ነው። የፅጌ ጣት ከጎድን አጥንቱ በታች በጉልላት ቆዳ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል።

"እዚህ ጋ?" አለች።

"ትንሽ ዝቅ። አዎ፣ እሷ ናት።"

"አያምም?"

"ስትነኪው ይኮረኩራል እንጂ አያምም።"

የታምሩ እጅ ዓይኑን ሳይጠብቅ መሬቱን ይዳብስ ጀመር፤ ድንጋይ ሲፈልግ ያገኘው የአምባዛ ዓሣ ራስ ነበር። ያንኑ ጨበጠ። አንድ አባ ኮዳ ከጎኑ ቆሞ የራሱን ድርሻ እንደተነጠቀ ሁሉ አፈጠጠበት። ታምሩ በፊት በር ዞሮ ገብቶ የአምባዛውን ራስ በዚያ ጀርባ ላይ ሊያሳርፈው ቀና ሲል፣ ከውስጥ ሌላ ድምፅ ሰማ።

"በል ሸሚዝህን አውርደው፤ ሁላችንም አየን።"

የአምባዛው ራስ በእጁ እንደተያዘ ቀረ። ድምፁን ያውቀዋል፤ ያሳደገው ድምፅ ነው። ታላቅ እህቱ ብርሃነሽ!

ዓይኑን ወደ ግራ አዘንብሎ አየ። ብርሃነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የፅጌ ታናሽ ወንድም እስራኤል አለ። መስኮቱ ጋ የጎረቤታቸው ነርስ፣ ሲስተር ታቢታ ቆማለች። ታምሩ ሳያስበው ቆጠረ። ፅጌ፣ ጉልላት፣ ብርሃነሽ፣ እስራኤል፣ ታቢታ። አምስት ናቸው። ፅጌ በዚህስ አልዋሸችም።

"የመርፌው ቦታ ይኸው ነው" አለ ጉልላት ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ። "ሦስት ነጥብ፣ የትንኝ ንክሻ የምታህል። በሦስተኛው ቀን በእግሬ ሄጄ ገበያ ዞሬአለሁ። ስለዚህ አትፍሪ፤ የእሱም እንዲሁ ነው የሚሆነው።"

ታቢታ ትልቅ ጥቁር ፊልም መስኮቱ ላይ ዘረጋች። ታምሩ ፊልሙን አወቀው፤ አዲስ አበባ በትልቁ ማሽን የተነሣው ነው። ጥጉ ላይ ስሙ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል።

"ይኸውላችሁ የጋሽ ታምሩ ግራ ኩላሊት" አለች። "ይህቺ ክብ ናት ዕጢዋ።"

"ካንሰር ለመሆኗ ጥርጥር የለውም?" አለ እስራኤል።

"ያዩት ሐኪሞች ሁለቱም ያሉት ይህንኑ ነው። ደግነቱ ከኩላሊቱ አልወጣችም። ቀኙ ኩላሊት ደካማ ስለሆነ ግን ግራውን ቆርጦ ማውጣት አይሆንም፤ ባዶ እጁን ይቀራል። ባለችበት ቦታ ማቀዝቀዙ ነው የሚሻለው። ያውም ሳታድግ፤ ከአራት ካለፈች በረዶው ላይሸፍናት ይችላል።"

"አሁን ስንት ናት?" አለ ጉልላት።

"ሦስት ነጥብ አንድ ሴንቲ ሜትር።"

"የእኔ ሦስት ነበረች።"

ታምሩ መጀመሪያ የመጣለትን ሐሳብ በኋላ ለራሱም ማመን አልፈለገም። በአንድ ሚሊ ሜትር በልጬዋለሁ፣ ነበር ያለው። ቀጥሎ በሞተሩ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለ። የአምባዛው ራስ ከእጁ ወደቀ፤ አባ ኮዳው ፈጠን ብሎ አነሣው።

ጠጠር የለችም። ሁለት ወር ሙሉ አምስት አምስት ሊትር ሲያወርድ የከረመው በሌለች ጠጠር ላይ ነው።

"እሱ ብቻ እንዳይሰማ" አለች ብርሃነሽ ከውስጥ። "ለበሽተኛ የበሽታው ስም አይነገርም። አባታችንም ሳያውቀው ነው የሄደ።"

"እኔ ግን ደከመኝ፣ እትዬ ብርሃነሽ።" ይሄ የፅጌ ድምፅ ነው። "ማታ ማታ ያንን ውሃ ይጠጣል። 'ዛሬስ ጠጠሯ ሳትሟሟ አትቀርም' ይለኛል። እኔ ብርጭቆውን እየሞላሁ 'አዎ' እላለሁ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ እቆማለሁ።"

"ብንነግረውስ?" አለ እስራኤል።

"ቢያውቅ ያበቃለታል። አንድ ፍሪጅ ሲያቅተው ሦስት ቀን እህል የማይቀምስ ሰው፣ ገላው ሲያቅተው ምን ሊሆን ነው?"

"እሺ፣ ሐብሉ ለአውሮፕላኑ ይበቃል፤ ለሕክምናው እትዬ ብርሃነሽ የጓሮ ቦታቸውን ሸጠዋል" አለ እስራኤል። "ግን ሳያውቅ እንዴት አድርገን ነው ባንኮክ የምንወስደው? ከእርስዎ ጋር ደግሞ እንኳን ባንኮክ፣ ፒያሳም አይሄድም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ጉልላት።"

ጉልላት ሳቀ። "መች አጣሁት! ሞተሬን ሦስት ሳምንት ሆነ ብሎ ነው የያዘብኝ። እኔ ግን ሲሳይ ሆነልኝ። ሞተሩ ካልተሠራ አዲስ መግዛት አለብኝ። አዲስ ደግሞ ባንኮክ በርካሽ አለ። ልገዛ ስሄድ ባለሙያ መያዝ አለብኝ፤ ሀዋሳ ውስጥ ከታምሩ ሌላ ማን አለ? ብዬ እለምነዋለሁ፤ ይንቀባረራል፤ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ 'ጠጠርህንም በዚያው እንያት' እንለዋለን። ሌላው የሐኪሙ ሥራ ነው።"

"ብልህ ነህ" አለች ብርሃነሽ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈራው። በዚህ መሃል ሞተሩን ሠርቶ ቢያመጣውስ? ሌላ ሰበብ የለኝም። ተስፋ የማደርገው እንዲያቅተው ነው።"

"አያቅተውም" አለች ፅጌ።

በርጩማ ሲንቋቋ ተሰማ።

"እናንተ ታምሩን አታውቁትም። የሞተ ሞተር ከእሱ እጅ ሳይነሣ ተመልሶ አያውቅም። ነገ ጠዋት ሠርቶት ቢመጣ አይድነቃችሁ።" አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። "እሱን ነው የምፈራው እኔም።"

ታምሩ በሞተሩ መቀመጫ ላይ እንደተቀመጠ ሐይቁን አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊጠይቃት ላልደፈረው ጥያቄ መልሱን፣ በዓሣ አንጀት መሃል ቁጭ ብሎ፣ ያውም ለጉልላት ስትመልስ ሰማው። ገብቶ አቅፎ ሊስማት ፈለገ። ግን "ሰምቻለሁ" ቢል "የት ሆነህ?" ትለዋለች። በቀዳዳ ሆኜ ሊል ነው። ምን ልትሠራ መጣህ ብትለውስ? ከካንሰሩ ይልቅ ይሄኛው ጥያቄ ከበደው። ተነሣና በመጣበት ተመለሰ።

ደበሌ በረንዳው ጫፍ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

"አገኘሃቸው?"

"አገኘኋቸው።"

"ስንት ናቸው?"

"አምስት።"

"አምስት?" ደበሌ መነጽሩን አወለቀ።

"ስብሰባ ነው። ልክ እንዳለችኝ።"

ደበሌ ነገሩ ቅር እያለው ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። "እንዲህ ከልብ የሚሰበሰብ ሰውም አለ በይኝ" ሲል ተሰማ፣ ለሰዓቷ ይመስላል።

ታምሩ የጉልላትን ሞተር ከጥግ ስቦ መብራት ሥር አቆማት። ስንጥቋን በጣቱ ዳሰሳት። ባለችበት አለች፤ አላደገችም። የብየዳውን እሳት ለኮሰ። ሰማያዊው ነበልባል ፉጨት ጀመረ።

ሰው አንዳንዴ ከሞት ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነገር አለ። ታምሩ እሳቱን ይዞ ሲቆም ያሰበው ስለ ካንሰሩ አልነበረም። ነገ ጉልላት አሞራ ገደል መሃል ቆሞ "ታምሩ አቅቶት አዲስ ልገዛ ነው" ሲል ታየው። ያቺ "እስቲ ሰውየው ይናገርበት" ያሉት ሴትዮም ይሰማሉ። ሠላሳ ዓመት "አቃተኝ" ብሎ ዕቃ መልሶ አያውቅም። በዚህች በአንድ ሰዓት ሥራ፣ ያውም በጉልላት ዕቃ? አሁን ቢበይዳት ማታ ታጉረመርማለች። ጉልላት ይደነግጣል። ፅጌም ትክክል ትሆናለች። ከሁሉ የጣፈጠው ይሄኛው ነበር፦ ፅጌ "አላልኳችሁም?" ስትል።

ነበልባሉን ወደ ስንጥቋ አስጠጋ። ከዚያ ጓሮ ወጥታ የምትቆመውን ሚስቱን አስታወሰ። ስልክ ልታወራ የምትወጣ መስሎት በመስኮት ሲቆጣጠራት ከርሟል። ጀርባዋን ሰጥታው ስለምትቆም ፊቷን አንድ ቀን እንኳ አላየውም።

የጋዙን ጉሮሮ ጠመዘዘው። እሳቱ ጠፋ።

"ምነው ተውከው?" አለ ደበሌ።

"ፎቶ ቤት ደርሼ ልምጣ።"

ፎቶ አንሺው የተለመደውን ጥያቄ ጠየቀ። "ለምን የሚሆን ነው?"

"ለቀበሌ መታወቂያ። መደቡን ግን ነጭ አድርገው። ሁለቱም ጆሮዎቼ ይታዩ።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የፓስፖርት ነው። ቀበሌ ስለ ጆሮ አይጠይቅም።"

"የእኛ ቀበሌ ጥብቅ ነው" አለ ታምሩ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጉልላትን ታውቀዋለህ? የዓሣው። ባንኮክ ሲሄድ አንተ ነህ ያነሣኸው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ከረባት አስሮ ነበር?"

ፎቶ አንሺው አስታወሰ። "አስሯል። ቀይ።"

"እንግዲያው ከረባት ስጠኝ" አለ ታምሩ። "ቀይ እንዳይሆን።"

ፅጌ ታቦር ቤታቸው የደረሰችው አመሻሽ ላይ፣ ባጃጆች መብራታቸውን ማብራት ሲጀምሩ ነው። ታምሩ ሳሎን ተቀምጧል። ፊቷን አየ፤ ታጥባው መጥታለች።

"ስብሰባው አለቀ?" አላት።

"ለዛሬው አለቀ።"

"በርቱ እንግዲህ" አለና ፖስታዋን ዘረጋላት። "ያልሽኝ ፎቶ።"

ፅጌ አውጥታ አየችው። ነጭ መደብ፣ ሰማያዊ ከረባት፣ ሁለት ጆሮ። ብዙ አየችው።

"ጆሮህ እንዲህ ትልቅ ነበር እንዴ?"

"ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላል ደበሌ። እኔም ዛሬ ነው ያየሁት።"

ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ስልኩን እየነካካ ነበር። ፎቶዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እንደ ልማዷ ጆጉን አምጥታ ብርጭቆውን ሞላችለት። ታምሩ ውሃውን አንድ ጠብታ ሳያስቀር ጠጣው።

"እየሟሟች ነው መሰለኝ" አለ።

"አዎ" አለች ፅጌ፤ ወደ ጓሮው በር ልትዞር ስትል እጇን ያዛት።

"ቆይ፣ አትውጪ። አንድ ስልክ ልደውል።"

እጇን ሳይለቅ፣ በሌላው እጁ ቁጥሩን ነካ። ጉልላት በሦስተኛው ጥሪ አነሣ።

"ታምሩ ነኝ" አለ። "ስለ ሞተርህ ነው።"

"ሠራኸው እንዴ?" ከወዲያ የመጣው ድምፅ የደነገጠ ሰው ድምፅ ነበር። ፅጌም ደነገጠች፤ እጇ በእጁ ውስጥ ደረቀ።

ታምሩ ቃሉን እንደ ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ አሾልኮ ለቀቀው።

"አቃተኝ።"

ታምሩ በጉልላት ዝምታ ውስጥ ደስታውን ሰማውና፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደገና ጠላው።

"አንተም አቃተህ?" አለ ጉልላት በመጨረሻ።

"አቃተኝ አልኩህ እኮ። ስንት ጊዜ ታስብለኛለህ? አዲስ ግዛ። ስትገዛ ግን ለብቻህ እንዳትሄድ፤ ስለ በረዶ የምታውቀው ነገር የለም፣ ያታልሉሃል።"